በመስታወቱ ዙሪያ የሚተው ክፍተት

ባለቤታቸው እንደሚሉት፣ መስታወት ቆራጩ ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ ሱቃቸው ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ሚስትየዋ ደርሰው ያገኟቸው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ነው። መስታወት ቆራጩ እንደሚሉት ግን ማንም አልወደቀም። «ሰው በገዛ ሱቁ መቀመጥ አይችልም እንዴ? ተቀመጥኩ፤ በቃ» ይላሉ። የሰፈሩ ሰውም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ «ወድቀዋል»፣ ግማሹ «ተቀምጠዋል» እያለ ሰነበተ።

ባልና ሚስት የተስማሙበት ነገር ቢኖር የሱቁ መሸጥ ብቻ ነበር። መስታወት ተሸክሞ የሚወድቅ ሰው ራሱንም ሌላውንም ይፈጃል። ገዢው ዛሬ ከምሳ በኋላ ቁልፉን ሊረከብ ይመጣል።

መስታወት ቆራጩ ሱቃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ሊከፍቱ ሲሄዱ፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ የባለቤታቸውን ሻርፕ ግንባራቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አስረው ነበር። ጎረቤታቸው የሶፋ ሠራተኛ እንደ ልማዱ ከበሩ ላይ ተጣራ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ዘውዱ ዛሬም ጠበበዎት?»

«አንተ ስፖንጅህን ጠቅጥቅ» አሉት፤ አንገታቸውን ግን አላዞሩም።

በዚህ መሃል አንድ ወጣት ከአውቶቡስ ወርዶ እየሮጠ መጣና ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። የወንድማቸው ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አሁን ኮሌጅ ጨርሶ ሌላ ከተማ ያስተምራል፤ ዛሬ ለስብሰባ ሲመጣ መንገድ ላይ ተገጣጠሙ።

«አጎቴ፣ ምነው አንገትዎን? ደግሞ ይሄ የእትዬ ሻርፕ አይደለም?»

«ግባና ልንገርህ» አሉ። ከገቡ በኋላ በሩን ገርበብ አደረጉት።

«እንግዲህ ስማኝ። መጀመሪያ አናቴ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል። ቀጥሎ እንደ ኤሌክትሪክ ነዘር ያደርገኛል። ከዚያ አንድ ሰው ግንባሬን በገመድ ያጠብቀዋል። አንዳንዴማ ጭንቅላቴ የኔ አይመስለኝም፤ ሰው አጠገቤ ቆሞ ሲያወራ ከሩቅ ነው የምሰማው። ውስጤ የሆነ ነገር ተሰንጥቋል፣ ልጄ። የተሰነጠቀ መስታወት ደግሞ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ጠበቅ አድርገህ ታስረዋለህ፣ ጥግ ላይ ታቆመዋለህ፣ አትነቀንቀውም። ይኸው ራሴን እንደዚያ ይዤ ከረምኩ።»

ወጣቱ አልሳቀም። «ሐኪም አይተዋል?» ሲል ጠየቀ።

መስታወት ቆራጩ ወደ በሩ ተመለከቱ። «ለእትዬህ እንዳትነግር። አይቻለሁ። ደምም ተቀዳሁ፣ ጭንቅላቴንም በመሣሪያ አነሱኝ። በመጨረሻ ያች ሐኪም ‹ጭንቅላትዎ ደህና ነው፤ ይሄ ጭንቀት ነው፤ ተመልሰው ይምጡና እንነጋገር› አለችኝ። በጨዋ ቋንቋ እብድ ነህ ማለቷ ነው። አልተመለስኩም።»

«እንደዚያ ከሆነ እኔም እብድ ነኛ፣ አጎቴ።»

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?»

«የኮሌጁ መጨረሻ ፈተና ሲቃረብ ያው ጉንዳን፣ ያው ገመድ ነበረብኝ። ‹እንደ አባቴ ልሄድ ነው› ብዬ ስንት ጊዜ ተሰናበትኩ መሰልዎት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎስ ለእትዬ ለምን አልነገሯትም?»

እጅ ሲቆረጥ ለሰው እናሳያለን፤ ፍርሃት ሲይዘን ግን እንደ ሌባ ዕቃ እንደብቀዋለን። በዚህ ረገድ የተማረውም ያልተማረውም ያው ነው።

መስታወት ቆራጩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባትህ እኮ ‹ራሴን አመመኝ› እንዳለ ነው የቀረው። እኔ ደግሞ ዘንድሮ እሱ የሞተበት ዕድሜ ላይ ደረስኩ።»

«እሱን ለሐኪሟ ነግረዋታል?»

«ነግሬያታለሁ። እንደገና መረመረችኝ።»

«ያውቁ የለ። ሳትመረምር አልተናገረችም። ድንገት ከባድ ራስ ምታት ቢነሳ፣ ፊት ቢጣመም፣ እጅ ቢዝል፣ አንደበት ቢተሳሰር ያኔ ቁጭ ብለን አናወራም፤ በሩጫ ሐኪም ቤት ነው። የእርስዎ ግን ተመርምሮ ታውቋል።»

«እሺ፣ ፍርሃት ነው እንበል። ፍርሃት ከሆነ ልብ ይመታል፤ ጭንቅላትን ምን አገባው?»

«ሰው ሲፈራ ትንፋሹ አጭርና ፈጣን ይሆናል፤ ያኔ ራስ ቅልል ይላል፣ ቆዳን ይነዝራል። መንጋጋና አንገት ሲወጠሩ ደግሞ ግንባር የታሰረ ይመስላል። እርስዎ ያንን ሲሰሙ የባሰ ይፈራሉ፤ ሲፈሩ የባሰ ይወጠራሉ። ስሜቱ እውነት ነው፤ እርስዎ የሰጡት ትርጉም ግን ልክ አይደለም። ለመሆኑ በዚህ ሁሉ ጊዜ ወድቀው ያውቃሉ?»

«ስንት ጊዜ ልናገር! ተቀመጥኩ እንጂ አልወደቅኩም!»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አንድም ቀን።»

ባለቤታቸውን ለመርታት ሲደጋግሙት የሰነበቱት ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሳቸው ጆሮ ተሰማቸው። እወድቃለሁ ብለው ሱቅ ሊሸጡ ነው፤ ወድቀው ግን አያውቁም።

እንደ ክፉ አጋጣሚ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቁልፍ ላይ አረፈና ጉንዳኑ ጀመራቸው። ነዘር አደረጋቸው። ጠረጴዛውን ጨበጡ።

«መጣ» አሉ።

«ይምጣ። አይቀመጡ፤ እኔ አጠገብዎ ነኝ። ትከሻዎን ይልቀቁት፤ ትንፋሽዎን ቀስ ብለው ያውጡ፣ ረዘም አድርገው። እንዲሄድም አይለምኑት። ይሄን ጨርቅ ይያዙና ያንን የግድግዳ መስታወት ይወልውሉልኝ።»

«ልሞት ስል ታሠራኛለህ?»

«አዎ፣ አቧራው ያሳፍራል።»

በግድ ፈገግ አሉና መወልወል ጀመሩ። ገመዱ ጠበቀ፤ እጃቸው ግን አልቆመም። መስታወቱ እየጠራ ሲሄድ ፊታቸው ብቅ አለ፤ በሻርፕ የታሰረ፣ የፈራ፣ ግን የቆመ ሰው። ገመዱ ጥቂት ቆይቶ ላላ። ጉንዳኖቹም እንደ መጡ ሄዱ።

«ሳልነካው ሄደ» አሉ በመገረም።

«ሲያስሩት ነበር የሚቆየው። አጎቴ፣ መስታወት ሲቆርጡ ከመስኮቱ ልክ ለምን ይቀንሱለታል?»

«ምን ይጠየቃል? ፀሐይ ሲያገኘው ይሰፋል። ዙሪያውን ክፍተት ካልተውክለት ፍሬሙ ጨምቆ…» ቃላቸውን አልጨረሱም። እጃቸው ወደ ሻርፑ ሄደ፤ ቋጠሮውን ፈቱት። ግንባራቸው ላይ ቀይ መስመር ቀርቶ ነበር። «ጤነኛውን መስታወት ነው ለካ ስጨምቀው የከረምኩት!»

ባለቤታቸው የምሳ ዕቃ ይዘው ሲገቡ ሁለቱን በዚህ ሁኔታ አገኟቸው። መስታወት ቆራጩ ሻርፑን አጣጥፈው መለሱላቸው፤ የጉንዳኑን፣ የገመዱን፣ የሐኪሟንም ነገር ምንም ሳያስቀሩ ነገሯቸው።

ሴትዮዋ ሻርፑን ተቀበሉና «ስለዚህ ተቀምጠህ ነበር» አሉ።

«ተቀምጬ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ቀባሪ ልሆንህ መስሎኝ ብቻዬን ሳለቅስ ከረምኩ። ክርክሩን አሸንፈኸኛል፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉና ፊታቸውን በዚያው ሻርፕ ጠረጉ።

መስታወት ቆራጩ የወንድማቸውን ልጅ ጭንቅላት ይዘው ሳሙት። «አባትህ የሞተው ይሄንን የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው አልልም፤ የእሱ በሽታ ነበር፣ የኔ ፍርሃት ነው። ግን አንተን ትቶልኝ መሄዱን ዛሬ አመሰገንኩት» አሉ።

ከዚያ እየበሉ መከሩ። ወጣቱ ስሜቱ ነገም ሊመጣ እንደሚችል አልደበቀም። ሐኪሟ ዘንድ ተመልሶ መነጋገር እንደሚያቀለው፣ እንቅልፍና የእግር ጉዞ እንደሚያግዙ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሲመጣ «መጣ» ብሎ ለአንድ ሰው መናገር የግማሹን ሸክም እንደሚያወርድ አስረዳ። የተገኘው ለውጥማ ከወዲሁ ይታይ ነበር፤ ሰውየው አንገታቸውን እያዞሩ ከአንዱ ወደ አንዱ እያዩ ይጎርሳሉ፣ ባለቤታቸውም የሚጠረጥሩት ነገር አልቀራቸውም።

ገዢው በሩን አንኳኳ። ከኋላው የሶፋ ሠራተኛው አንገቱን አስግጎ፣ «ምነው ዛሬ ዘውዱ የለም?» አለ።

«ዙፋኑን ትቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ» አሉት። ከዚያ ቁልፉን ከግድግዳው አንስተው ኪሳቸው ከተቱና ለገዢው በአክብሮት እጅ ነሱ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምኩዎት። ሱቁን አልሸጥም። ነገ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ያችን ሐኪም አመስግኜ ቀጠሮ እይዛለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ብቅ ካሉ ግን፣ ክፍት ነኝ።»