የወንዱን ዱላ ያነሣሁ ዕለት

በእኛ ጊዜ ሴት ልጅ የገና ጨዋታ ስትጫወት ከታየች ጉድ ነበር፤ ጎልፍ የሚባለውንማ ወንዱም አያውቀው። እኔ ያወቅሁት ደምበጫ አጠገብ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲተከል፣ ልብስ አጣቢ ሁኜ ስገባ ነው። ታዲያ የኢንጂነሩ ሚስት፣ ማርታ የምትባል ፈረንጅ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኛን የካምፕ ሴቶች መስኩ ላይ ሰብስባ ጎልፍ ታስተምረናለች። ትንሽ ነጭ ኳስ ናት፣ እንቁላል የምታህል፤ እሷን በዱላ መትቶ ሩቅ ካለች ጉድጓድ ማስገባት ነው። ሥራ ፈቶች በሉን!

ታዲያ ዱላው ሁለት ዓይነት ነው። የባልዮው ረጅም ነው፣ ይከብዳል። የሷ አጠር ቀለል ያለ ነው፣ «የሴት ዱላ» ይሉታል። ለእኛ የሚሰጠን የሴቱ ነው። የሺ የምትባል አጭር ወጥ ሠሪ ነበረች፣ እሷ ገና እንደያዘችው ኳሷን አበረረቻት። እኔ ግን ቁመቴን ታዩት የለ? ያኔ ደግሞ አልጎበጥሁም። ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤ ሊቀነጠስ! ስመታም ኳሷን አናቷን ብቻ ነው የምነካት።

አንድ እሑድ «ቆይ እስቲ ያንኛውን ልሞክረው» ብዬ የወንዱን አነሣሁ። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ አየኝ። በአፍንጫው ነው የሚናገር፤ «ኧረ ውድነሽ! የወንድ ዕቃ ለሴት ውጉዝ ነው! ተጽፏል!» አለ። ሰው ሁሉ ሰማ። እና እኔ ቆራቢ ነኝ እኮ፣ ልጆቼ፤ ደነገጥሁ። ዱላውን ጥዬ በማግሥቱ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ።

አባ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቁመዋል። ነገርኋቸው።

«የሚለበስ ነው?» አሉኝ።

«አይ አባ፣ ኳስ መምቻ ነው።»

«ሰው ይመቱበታል?»

«ኧረ በስመ አብ!»

«እንግዲያ የወንድ ያሰኘው ምኑ ነው?»

«ርዝመቱ መሰለኝ፣ አባ።»

አባም መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር ገባ አርገው አሳዩኝ። «ይኸን ስቆርጥ በቁመቴ ለክቼ ነው። ያጭር ሰው ብይዝ ማሕሌቱ ሳያልቅ ወገቤ ያልቅ ነበር። የተጻፈው ስለ ልብስ ነው፣ ሂጂ፣ አትጨነቂ።» ልሄድ ስል ጠሩኝና፣ ቀስ ብለው፣ «ለመሆኑ ያች ኳስ ምን ያህል ርቃ ትሄዳለች?» አሉኝ።

እና በሚቀጥለው እሑድ አባ ራሳቸው መጡላችሁ! እኔም አባ ያሉኝን ለማርታ ነገርኋት። «ቁሚ፣ ቀጥ፣ እጅ ታች» አለችኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ እና ከእጄ አንጓ እስከ መሬት በሜትር ለካችኝ። ባሏንም ጠርታ ለካችው። እኩል! «እኔ ተሳሳተ! አንቺ፣ ይሄ!» ብላ የባሏን ዱላ ሰጠችኝ። የሺም አማራትና ተቀብላኝ ሞከረችው፤ ክብደቱ እሷኑ አዙሮ ሣሩ ላይ ቁጭ አደረጋት። ስቃ ስቃ የሴቱን መልሳ ያዘች።

እኔ ቀጥ ብዬ ቆምሁ፣ አማተብሁ፣ መታሁ። ቷ! ኳሷ ጉድጓዷን አልፋ፣ ከመስኩ ማዶ ያለውን ወንዝ ተሻግራ፣ ከሰው ገብስ ውስጥ ገባች። ፎርማኑ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት አባ ጠጋ አሉና በጆሮዬ፣ «እስቲ አንዴ ልያዘው» አሉኝ።

«ኧረ እማማ! አባ መቱ እንዴ?»

ቄስ አይታማም፣ ልጄ። ግን የዚያን ዕለት ገብሱ ውስጥ የፈለግነው ሁለት ኳስ ነው። ሃ ሃ ሃ!