በአገጭ የተለኩ ሰባት መንገዶች

ክቡራትና ክቡራን፣ የማኅበራችን አባላት፣ እንዲሁም ለለስላሳው ብቻ ብላችሁ ብቅ ያላችሁ ጎረቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ይህን ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ወንበሮቹን ከቀበሌ አዳራሽ ያመጣችውን ሳምሪን አመሰግናለሁ። ዳቦውን የቆረሱትን ገንዘብ ያዣችንን እትዬ አሰለፈችንም አመሰግናለሁ፤ አቆራረሳቸው ቁጠባ ያለበት ቢሆንም። ሊቀመንበራችንን ጋሽ ገብረጊዮርጊስን ደግሞ ለመክፈቻ ንግግራቸው አመሰግናለሁ። አርባ አምስት ደቂቃ ፈጅቷል። ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ደቂቃ ስለ እኔ ነበር፤ የቀረው ስለ እሳቸው ወጣትነት ነው። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አምስት ደቂቃ አለሽ፣ አሳጥሪው» አሉኝ። እሺ ጋሼ። ካላሳጠርኩ ግን ከማን እንደተማርኩት ያውቁታል።

ለማታውቁኝ፣ ፈርዶስ ከሚል እባላለሁ። መነኸሪያው ፊት ለፊት ቦቲ ጫማና ጃንጥላ የሚሸጠው የከሚል ልጅ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አምና የመሰናዶ ፈተና ላይ ነጥብ ጎደለኝና፣ ቤት ከምቀመጥ ብዬ በዚህ የአስጎብኚዎች ማኅበር በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ዘንድሮ ደግሜ ተፈትኜ አለፍኩ። ማክሰኞ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ።

ጸሐፊ ምን ይሠራል? ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ከዚያ «እሱን እንኳን አውጪው» የተባለውን ያወጣል። ከዚያ የቀረውን አንድ መስመር በሦስት ኮፒ ያትማል። ይህን ሥራ አሳምሬ ችየዋለሁ። ዛሬ ግን የማወጣው ነገር የለም። ሁሉንም አስገባለሁ።

እንደምታውቁት በቦንጋ ዙሪያ እንግዳ የምንወስድባቸው የእግር መንገዶች ሰባት ናቸው። ጥር ላይ አንድ ቅጽ ከበላይ መጣ። እያንዳንዱ መንገድ «ቀላል»፣ «መካከለኛ» ወይም «ከባድ» ተብሎ ይመደብ፣ እንግዳው አቅሙን አይቶ ይምረጥ የሚል ነው። ጥሩ ሐሳብ አይደለም? ኮሚቴው ተሰበሰበ። ካርታው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

«ወደ ረግረጉ የሚወርደውስ?» አልኩ።

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ አገጫቸውን ወደ መስኮቱ ቀሰር አደረጉ። «ይቺ እዚህች ናት እኮ!»

«ስንት ሰዓት ያስኬዳል?»

«ምን ሰዓት አለው? ወሬ እያወራሽ ትደርሻለሽ።»

«ቁልቁለቱስ ጋሼ?»

«አንቺ ልጅ፣ የእናቴ አገር ነው! የእናቴን አገር መንገድ ከባድ ነው ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

እንዴት አድርጌ እጽፋለሁ? «ቀላል» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያማ የ«ቀላል» በር ተከፈተ። አንጋፋው አስጎብኚያችን ጋሽ ተስፋሁን ትውልዳቸው ዋጫ ነው፤ ከዋጫ በላይ ያለው ዳገት «ቀላል» ሆነ። እትዬ አሰለፈች የተዳሩት ሺሺንዳ ነው፤ በሺሺንዳ በኩል ያለው ጫካ «በጣም ቀላል» ካልተባለ ብለው ተከራከሩ። ቢታ ገነት በኩል ዘመድ ያለው ሰው ኮሚቴው ውስጥ አልነበረም። እሱን «መካከለኛ» ልል ስል ግን፣ «ቢታዎች ይቀየሙናል» ተባለና እሱም ቀለለ።

የአገጭ ነገር በጣም ይገርመኛል። አገጭ ትንሽ ከፍ ካለ ግማሽ ሰዓት ነው። ከንፈር ከተጨመረበት አንድ ሰዓት። ሰውየው ለማሳየት ከወንበሩ ከተነሳ ግን ስንቅ መያዝ ያስፈልጋል። እኛ ያንን ቀን ከወንበሩ የተነሳ ሰው አልነበረንም።

ሰባቱም ቀላል ሆነው በወረቀት ተባዙ። ከታች «መንገዶቹን ያጠናችው፦ ፈርዶስ ከሚል» ተባለ። «ኧረ እኔ አላጠናሁም» ስል እትዬ አሰለፈች፣ «የወጣት ተሳትፎ መታየት አለበት፤ ሪፖርት ላይ ያምራል» አሉኝ። እውነቱን ልናገር? ስሜን በኅትመት ሳየው ደስ አለኝ። ሦስት ኮፒ ለእናቴ ወሰድኩላት። ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ እትዬ ሠናይት የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህርት ከልጃቸው ጋር ከአዲስ አበባ መጡ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። «ጉልበቴን ያመኛል፤ ቀላሉን ስጡኝ» አሉ። «ሁሉም ቀላል ነው» አልናቸውና ወረቀቱን ሰጠናቸው። ረግረጉን መረጡ። ጋሽ ተስፋሁን አብረዋቸው ሄዱ። ማለቴ እስከ መኪና መንገዱ ዳር ሄዱ። ከዚያ ከመኪናው ሳይወርዱ፣ በመስኮት፣ በአገጫቸው ቁልቁል አሳዩዋቸው። «መንገዱ አንድ ነው፤ አትጠፉም። እኔ እዚሁ ነኝ» አሏቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮ ስልክ ጮኸ።

«ፈርዶስ፣ ሴትዮዋ ትንሽ ቆዩብኝ» አሉ ጋሽ ተስፋሁን።

«ከሄዱ ስንት ሰዓት ሆናቸው?»

«አራት።»

በሞተር ሳይክል ሄድኩ፤ ከዚያ ወረድኩ። ያ ቁልቁለት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ወሬ እያወራችሁ አትደርሱም፤ የምታወሩበት ትንፋሽ የለም። ስደርስ እትዬ ሠናይትን እትዬ በዛወርቅ የሚባሉ የሰፈሩ ገበሬ በላም ገመድ ጎትተው አውጥተዋቸዋል። እስከ ጭናቸው ሰምጠው ነበር። ሲወድቁ የግራ እጃቸው አንጓ ተሰብሯል፤ ልጃቸው በሻርፕ አስራላቸዋለች።

እትዬ በዛወርቅ በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ተቆጡኝ። «ማነው በዚህ የላካቸው? ላሞቻችን እንኳን በክረምት ዞረው ነው የሚሄዱት!»

እትዬ ሠናይት በደህናው እጃቸው ያንን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ጭቃ ጠጥቷል። ታች ያለውን ስም አነበቡ።

«ፈርዶስ ማናት?»

«እኔ ነኝ።»

«በዚህ መንገድ ሄደሽበት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉ። «ያላነበበውን አንብቤያለሁ የሚል ተማሪ ስንት አይቻለሁ መሰለሽ። እጄን የሰበረኝ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ከአባቴ ሱቅ ቦቲ ወስጄ ጀመርኩ። በሃያ ሁለት ቀን ሰባቱንም በእግሬ ሄድኩባቸው። ረግረጉን ሁለቴ ሄድኩበት። ወደ ፍል ውሃው ያለው እውነትም ቀላል ነው፤ ልብስ ሊያጥቡ የሚወርዱ ሴቶች ሳፋ ተሸክመው ይቀድሟችኋል። በሺሺንዳ በኩል ያለው ጫካ መካከለኛ ነው፤ ሥሩ ያንሸራትታል፣ ከላይ ጉሬዛዎቹ እያዩ የሚስቁባችሁ ይመስላችኋል። ከዋጫ በላይ ያለው ደግሞ ከባድ ነው። ጋሽ ተስፋሁን፣ ይቅርታዎን፣ ግን ከባድ ነው። ሦስት ሰዓት ዳገት ነው። ሁለት ጊዜ ደረስኩ ብዬ ተቀምጫለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ጉብታ ከፊቴ ቆሞ ጠበቀኝ።

ግን ጫፉ ላይ ስትወጡ! ዛፉ በአንድ ጊዜ ያልቅና ሜዳው ይከፈታል። ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ደመናው ከታች ከሸለቆው ተነስቶ በእግራችሁ መሐል ያልፋል። ረግረጉም እንደዚያው ነው። ማለዳ ላይ አናታቸው ላይ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላቸው ረጃጅም ወፎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይራመዱበታል፤ አረማመዳቸው የበዓል ቀን እንግዳ ይመስላል። እኔ የምጠይቃችሁ፣ «ከባድ» ማለት «አስቀያሚ» ማለት ነው ያላችሁ ማነው? ከሰባቱ መንገዶች ዓይኔን እንባ እንባ ያሰኙኝ ሁለቱ ከባዶቹ ናቸው። አንደኛው ከድካሙ የተነሳ መሆኑን አልክድም።

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ የነገሩኝ ውሸት ነው አላልኩም። እሳቸው በዚያ ቁልቁለት ፍየል ሲያባርሩ አሥራ አምስት ዓመታቸው ነበር። ያኔ ቀላል ነበር። መንገዱ አሁንም እዚያው ነው፤ እሳቸው ናቸው ከዚያ ወዲህ ያልሄዱበት።

ሦስት ቀላል፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሁለት ከባድ። ይህን ይዤ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ምን የተባልኩ ይመስላችኋል?

«እንግዳ ታስሸሺያለሽ!»

«አገር ታሰድቢያለሽ!»

አንድ ስማቸውን የማልጠራቸው፣ አሁን ሁለተኛ ሚሪንዳ የያዙ ሰው ደግሞ፣ «ይሄ የአባቷ ቦቲ እንዲሸጥ ነው» አሉ። አባቴ ቦቲ መሸጥ የጀመረው እኔ ሳልወለድ ነው። ጭቃውን የፈጠረው ግን እሱ አይደለም።

ከዚያ ግምገማ ተቀመጥን። «ግለ ሂስ አድርጊ» ተባልኩ። ተነሳሁና፣ «ስህተቴ ያልሄድኩበትን መንገድ ቀላል ብዬ መጻፌ ነው» አልኩ።

«እሱን አይደለም» አሉ። «ሌላ ስህተት።»

ሌላ ስህተት ፈለግኩ። አጣሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሠራተኛዋ ለመማር ዝግጁነት ይጎድላታል» ተባለ። የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ጸሐፊዋ እኔ አይደለሁ?

አሁን ለምን እንደተሰበሰብን ልንገራችሁ። ስንብት ብቻ አይደለም። ባለቀለሙ ብሮሹር ሰኞ ጅማ ማተሚያ ቤት ይገባል። ባለፈው ማክሰኞ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ቢሯቸው ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ አለ። ተተይቧል፣ ማኅተም አርፎበታል፣ ፊርማ ብቻ ጎድሎታል።

«ልጄ» አሉኝ፣ በጣም ለስለስ ብለው። «ሰባቱንም ቀላል አድርጊና ከነስምሽ ስጪኝ። በስንብትሽ ዕለት ሰው ሁሉ እያየ ፈርሜ እሰጥሻለሁ። አንቺ እንደሆነ ሂያጅ ነሽ። ምን አገባሽ?»

እንግዲህ ዕለቱ ዛሬ ነው። ደብዳቤው እዚያ ከዳቦው አጠገብ ነው። እስክሪብቶውም ተከፍቶ ይታየኛል።

ጋሼ፣ መልሴ ይኸውና። በዚህ ፍላሽ ውስጥ ብሮሹሩ በእግሬ እንደሄድኩት አለ። እንዳለ ካሳተማችሁት ስሜ ይኑርበት፤ እኮራለሁ። አንዷን «ከባድ» ወደ «ቀላል» ከለወጣችሁ ግን ስሜን አውጡት። ያኔ ያጠናው ሰው ቦታ ባዶ ይሆናል። ባዶ ከሚሆን የእርስዎን እናስገባው? አይሆንም? ጋሽ ተስፋሁንስ? እትዬ አሰለፈች፣ እርስዎ ሪፖርት ላይ ሲታይ ያምራል ብለውኝ አልነበር? ወዴት ነው የሚያዩት? አያችሁ፣ ለሰው ስም ለጋስ ነን።

የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ይቅርብኝ። አዎ፣ ሰምተውኛል። ይጠቅመኝ ነበር፤ አልዋሽም፣ አባቴ ፍሬም ሁሉ ገዝቶ ነበር። ግን ያንን ወረቀት የምይዘው አንዲት መምህርት እጃቸውን የሰበሩበትን ቃል ደግሜ ጽፌ ከሆነ፣ ግድግዳ ላይ ስሰቅለው እሳቸው በየቀኑ ሊያዩኝ ነው። «ድፍረት ነው» እያላችሁ ስታጉረመርሙ ይሰማኛል። ልክ ናችሁ። ድፍረት ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር ብሄድ ጥሩ አይደለም። ትናንት ቢሮ ያልገባሁት ሻንጣ ስሸክፍ አልነበረም። እትዬ በዛወርቅና እኔ ረግረጉ ጠርዝ ላይ፣ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ ሰሌዳ ስንተክል ነው የዋልነው። እንጨቱ ወፍራም ነው፤ ቀለሙ ዝናብ አይፈራም። በአማርኛና በካፊኖኖ እንዲህ ይላል፦ «በክረምት በቀኝ አትሂዱ፤ ያሰምጣል። በግራ ዙሩ። ዱላ ያዙ። ከባድ ነው፤ ደግሞም ያምራል።» ከታች ስሜ አለ። የእትዬ በዛወርቅም አለ፤ «የእኔን አስቀድሚ፣ ላሞቹ የእኔ ናቸው» ስላሉ እሳቸው ይቀድማሉ።

ማን ፈቀደልሽ ልትሉኝ ነው? ማንም።

ይነቀል ብላችሁ ልትወስኑ ትችላላችሁ። ሥልጣኑ አላችሁ፤ ማኅተሙም አላችሁ። ነገር ግን ሰሌዳው ከወንበር ላይ ሆኖ አይነቀልም። መኪናውን ዳር አቁሞ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቁልቁለቱን መውረድ አለ። እዚያ የደረሰ ሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ አሁንም «ውሸት ነው» ካለ፣ መብቱ ነው፤ ይንቀለው። ተሸክሞት ዳገቱን ይውጣ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ለሁላችሁም ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ጉልበታችሁ ይጽና። የምትረግጡት መሬት ይሸከማችሁ። የምትልኩት እንግዳ ሁሉ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ እጁም ደህና ሆኖ ይመለስላችሁ። የዚህች ከተማ ዝናብ አይለያችሁ፤ ቤታችሁ ግን አያፍስስ። እናንተም መርቁኝ። የተቀየማችሁኝ በተለይ ቶሎ ብላችሁ መርቁኝ፤ አውቶቡሱ ማክሰኞ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ እኔም ከሐሳቤ አልመለስም።