እትዬ ብርቄ ብቻቸውን ናቸው

እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። መሥሪያ ቤታችን የጎፋ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ርካሽ ቤት ቢሠራ ያዋጣ እንደሆነ የሚያሰላ ኮምፒዩተር አስገብቶ፣ የነዋሪውን ቅጽ የምመታው እኔ ነበርኩ። ቤታቸው በደባልነት ያስጠጉኝ የእትዬ ብርቄ ቅጽ ድንገት እጄ ገባ። «የነዋሪ ብዛት፦ አንድ» ይላል። ክው አልኩ! ደባል ማስገባታቸው ከታወቀ ቀበሌ ቤቱን ስለሚነጥቃቸው ደብቀውኛል።

«ምነው ቆምክ? ቤቱን ታውቀዋለህ እንዴ?» አለኝ አለቃዬ ከኋላዬ።

«ኧረ አላውቀውም!» አልኩና «አንድ» ብዬ መታሁ። ምትክ ቤት የሚታሰበው በዚያ ቁጥር ነውና፣ በገዛ ጣቴ ራሴን ከሰፈሩ ሰረዝኩ።

ቤት ስገባ እትዬ በሩን ዘግተው፣ «ልጄ፣ ያ ማሽን አወቀብኝ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አላወቀም፣ እትዬ። ብቻዎን ነዎት።»