ንግግር በግራ፣ ዜማ በቀኝ

በደርግ ጊዜ ነው፣ ቢቸና። የደብራችን የዜማ መምህር የኔታ፣ አንድ ጠዋት ቃል አልወጣ አላቸው። እኛ ጅሎቹ ሱባኤ ገብተው ነው ብለን ሁለት ቀን ሙሉ ደጃቸውን በእግር ጣታችን እየረገጥን አለፍን። በሦስተኛው ቀን ቀኝ እጃቸው መቋሚያ መያዝ ሲያቅተው ደነገጥንና በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው።

ጤና ረዳቱ ከአሰላ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። መርምሮ ሲያበቃ ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ፣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አእምሯቸው ሄዷል?» አሉት።

«እማማ፣ የተጎዳው የንግግሩ ቦታ ይመስለኛል፤ እሱ በአንጎል ግራ በኩል ነው። ዜማው ይበልጡን በቀኝ ነው ይባላል። ውጭ አገር ጭንቅላትን በማሽን እያነሱ፣ ሰው ሲናገር የቱ ጋ፣ ሲያዝን የቱ ጋ እንደሚሠራ ያያሉ አሉ።»

«ሚስት መፍራትስ የቱ ጋ ነው?» አልኩት፣ እትዬ ብርቄ እንዲስቁ ብዬ። አልሳቁም።

«ማሽኑ እዚህ የለም» አለኝ ጤና ረዳቱ፤ «አንተ ግን እስኪ ዜማ ጀምርላቸው።»

እኔ ከየኔታ ትምህርት በግማሽ የሸሸሁ ሰው ነኝ። ሃሌ ሉያውን ጀመርኩና ገና ከመነሻው አበላሸሁት። የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ። ያ ቃል የጠፋበት አፍ ከነቃሉ፣ ከነሥርዓቱ አዜመው! ሲጨርሱ በደህናው እጃቸው ጆሮዬን ይዘው ጠመዘዙኝ።

እትዬ ብርቄ፣ «አሉ፣ አልሄዱም! እሳቸው ራሳቸው ናቸው!» ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ደግሞ ጆሮዬን በጣም አሞኝ ነበር።