መስኮት የሚዘጋበት ሰፈር

ልብስ ሰፊዋ እትዬ መርፌ ይህን ቅጽል ያተረፉት ከእጃቸው ይልቅ በምላሳቸው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክር ገዝተው ሲመለሱ፣ ነርስ የሆነችውን የእህታቸውን ልጅ ከሚኖሩበት ሕንጻ ደረጃ ሥር ቆማ አገኟት። አንጋጣ ታዳምጣለች።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወንድ ጮኸ፤ ሕፃን አለቀሰ። ወዲያው የሕንጻው መስኮቶች እየተከታተሉ ተዘጉና ሁሉም ጭጭ አለ። ያ ዝምታ ያስፈራል።

«አክስቴ፣ ማንም ብቅ አይልም እንዴ?»

«እዚህ የሰው ገበና አይሰማም፣ ልጄ። ልጅ ሲጮህ መስኮታችንን እንዘጋለን፤ ጨዋነት ነው። ሰውየው ከሥራ ከወጣ ወዲህ ጠባዩ ከፍቷል። በሰው ቤት ጥልቅ ማለት ምን ይባላል?»

«ጠባዩ ብቻ ነው? ደረጃው መብራት የለውም፣ ልጆቹ መጫወቻ የላቸውም፣ እናትየው ሥራ ስትሄድ አደራ የምትለው ሰው የላትም። የሰፈሩ ችግር በር ዘግተው ቢቀመጡም ይገባል። በልጅነቱ ፍርሃት የለመደ ሰውነት ደግሞ ካደገም በኋላ እንቅልፍ የለውም፤ እንዲህ ያሉትን በየቀኑ እያከምኩ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?»

«እኛስ ተገርፈን አላደግንም? ምን ሆንን?»

«ያን ጊዜ የሚያስጥልዎ ጎረቤት አልነበረም?»

እትዬ መርፌ አልነበረም ቢሉ ውሸት ይሆናል። የምታስጥላቸው ጎረቤት ነበረችና። ተናደው ወደ ግቢው ወጡ።

ግቢው ውስጥ ልጆች ያለ አንዳች ድምፅ ይጫወታሉ። የሦስተኛ ፎቁ ቤት ትልቋ ልጅ መሐል ተቀምጣ፣ አፏን ከፍታ፣ ድምፅ ሳታወጣ ታለቅሳለች። ሌሎቹ ዙሪያዋን ቆመው እጃቸውን ባንዴ ዘርግተው የሌለ መስኮት ዘጉ። አንዲቷ አንገቷ ላይ ጨርቅ እንደ ሜትር አንጠልጥላለች።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«እትዬ መርፌ ነኝ» አለች ልጅቷ፣ ፊቷ ሳይለወጥ።

እትዬ መርፌ ከእሷ ዞር አሉ። አልቃሻዋን ጠየቋት፦ «ምነው ድምፅሽ?»

«ማን ይሰማል ብዬ?»

ወሬ በዚያ አበቃ። አሮጊቷ ጉልበታቸውን እየረገሙ ደረጃውን ወጥተው የሦስተኛ ፎቁን ቤት አንኳኩ። ሰውየው ከፈተ፤ ያፈረም የፈራም ይመስላል።

«ልጆቹ እናታቸው እስክትመጣ እኔ ዘንድ ይዋሉ። አንተ ፊትህን ታጠብና ውረድ፤ ሥራ የሚያፈላልግልህ ሰው አላጣም» አሉት።

ችግር ባንድ ጀምበር አልሄደም። ግን እናቶች ልጅ በተራ መጠበቅ ጀመሩ፣ ደረጃው አምፖል አገኘ፣ ሰውየውም አናጺው ጎረቤቱ ዘንድ ሥራ ያዘ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ጎረቤት በሩን ሲከፍት ነው።

ትልቋ ልጅ በድምፅ ያለቀሰችው ከወራት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ ነው። እትዬ መርፌ መቀሳቸውን ጥለው ሲሮጡ፣ ደረጃው ላይ በጎረቤት ብዛት መተላለፊያ አጡ።