ስሙ ያው፣ ውስጡ ሌላ

በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ስሕተት ስለቅም ኖሬአለሁ። በዚህም የተነሣ በመጠራጠር ከእኔ ወዲያ ላሳር እል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የዓይን ጠብታ ልገዛ ሰፈራችን ወዳለው መድኃኒት ቤት ስገባ ግን ከእኔ የባሰ ገጠመኝ።

ከፊቴ የቆሙት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መለኪያቸውን ከአንገታቸው ስለማያወርዱ ሁሉም ጋሽ ሜትሮ ይላቸዋል፤ የወጣላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለችው ወጣት ፋርማሲስት የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብሷን የሰፉላትም እሳቸው ናቸው።

«ይሄን ውሰጅልኝ» አሉ፣ አረንጓዴ ካርቶን በአንድ ጣት ወደ እሷ እየገፉ። «የባለቤቴ የግፊት መድኃኒት ሰማያዊ ነበር። ክኒኑም ክብ ነበር፤ ያንቺው እንቁላል መስሏል። አያውቁም ብለሽ ነው?»

«ኧረ ጋሼ! ያመረተው ፋብሪካና ስሙ ሌላ ስለሆነ ነው እንጂ ውስጡም መጠኑም ያው ነው። ሰማያዊው ከገበያ ጠፋ፤ ሐኪማቸውንም ጠይቄ ነው የሰጠሁዎት።»

«እንደሱ ነው የሚባለው። እኔን ስለ ስም አታስተምሪኝ! በዚህ እጄ ስንቱን የባሕር ማዶ ስም ሰፍቻለሁ» አሉና ድንገት ወደ እኔ ዞረው የኮቴን ደረት ገለጡት። ከውስጥ ኪሱ በላይ ያለችውን ምልክት በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉ። «ይኸው! ስፌቱ የእኔ ነው። ኮቱም የተሰፋው እኔው ሱቅ ውስጥ ነው።»

ያን ኮት ከውጭ የመጣ ነው ተብዬ ገዝቼ ሁለት ዓመት ደረቴን ነፍቼ ለብሼዋለሁ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም ለወጉ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አሯል።

«ስም እንደሚሰፋ ካወቁ ታዲያ የካርቶን ስም ለምን ያምናሉ?» አለች ፋርማሲስቷ።

«የማምነውማ ልጄ ከውጭ የላከችልኝን ነው።» ከኪሳቸው ሰማያዊ ካርቶን አወጡ። «ሰማያዊውን ስፈልግ ስምንት ቀን ፈጀሁ፤ ሲያቅተኝ ያንቺን ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ራሴን አለች። ወዲያው አስጣልኳትና ይሄን ጀመረች። ስሙም ቀለሙም ያው! ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ ነው፤ ራስ ምታቱ ግን አልለቃት አለ። ያንቺ ክኒን ከደሟ አልወጣም ማለት ነው።»

የፋርማሲስቷ ፈገግታ ጠፋ። «እስቲ ያሳዩኝ።»

«አትለውጪብኝም?»

«እጅዎ ላይ እንዳለ ያሳዩኝ።»

አጎንብሳ አነበበች፤ ደግማም አነበበች። «ጋሼ፣ ይሄ የግፊት አይደለም። የጨጓራ ነው።»

«ስሙ እያለ?»

«አንድ ስም እዚህ ለግፊት መድኃኒት ይመዘገባል፤ ሌላ አገር ያለ ፋብሪካ ደግሞ ያንኑ ስም ለሌላ መድኃኒት ሊያወጣው ይችላል። ልጅዎ የጠየቀችው በስሙ ነው፤ የሰጧትም በስሙ ነው። ማንም አላታለላችሁም።»

ጋሽ ሜትሮ አላመኑም። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አራሚው፣ አንተ አንብብ። አሁን በኮቱ ስለተቀየምከኝ ለእኔ አታዳላም፤ እሷንም አትዘመዳትም።»

አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ። እሳቸውም ለማወዳደር ይዘውት የሚዞሩትን የድሮውን ባዶ ካርቶን ጨመሩልኝ። በሦስቱም ላይ ከትልቁ ስም በታች ጉንዳን የምታህል መስመር አለች፤ ክኒኑ ከምን እንደተሠራ የምትናገረው እሷ ናት። የድሮው ሰማያዊና አረንጓዴው ፊደል በፊደል አንድ ሆኑ። መንትያ የሚመስሉት ሁለቱ ሰማያዊዎች ግን አንድ ቃል እንኳ አልተጋሩም።

ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። እጃቸው አንገታቸው ላይ ካለው ሜትር ሄዶ ተጣበቀ።

«ታዲያ ለግፊቷ... ይሄን ሁሉ ቀን ምን እየወሰደች ነበር?»

«ምንም» አለች ልጅቱ።

ጋውኗን ሳታወልቅ የደም ግፊት መለኪያ አንጠልጥላ ወጣች፤ እኛም ተከተልናት። ባለቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ መስኮት ሥር፣ ግንባራቸውን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው የልብስ ቁልፍ እየለቀሙ ነበር። ፋርማሲስቷ ክንዳቸውን ጠቅልላ ለካች፤ ደግማ ለካች፤ ቁጥሩን ለማንም ሳትናገር «ታክሲ ጥሩልኝ» አለች።

ባለቤታቸው ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን ተኙ። ሐኪሙ ጥቂት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ አንጎላቸው ውስጥ ደም ሊፈስ ይችል እንደነበር ተናገረ። ጋሽ ሜትሮ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ።

በሳምንቱ ሱቃቸው ተገናኘን። ጥርጣሬያቸው አልሞተም፤ ቢሞት እኔም አዝን ነበር።

«ፋብሪካ ሁሉ እኩል ነው ልትዪኝ ነው?» አሉ ፋርማሲስቷን።

«አልልም ጋሼ። ቀለሙ፣ ቅርጹ፣ ክኒኑን የሚያያይዘው ማጣበቂያ ይለያያል፤ አንዳንዱ መድኃኒትም ሐኪም ሳያውቅ ከፋብሪካ ፋብሪካ አይቀየርም። አስመስሎ የተሠራም አይጠፋም። ስለዚህ ይጠርጥሩ! ግን ማሸጊያውን፣ ቀኑን፣ መጠኑንና ያችን ትንሽ መስመር እያዩ ይጠርጥሩ። ከውጭ ሲያስልኩም እሷን ጽፈው ይላኩ። ካልገባዎት ይጠይቁኝ፤ ከሁሉ በላይ ግን አንዱ ጠፋ ብለው መድኃኒቱን አያቋርጡ።»

«ስም ሰፊ ሆኜ በስም ተሸወድኩ!» አሉ ጋሽ ሜትሮ። የራስን ጥፋት አምኖ መናገር ለሽማግሌ ቀላል አይደለም፤ በዚህ አከበርኳቸው። ደግሞም ተጠቅመዋል። የባለቤታቸው ግፊት ወርዷል፤ ልጃቸውም መድኃኒት አድርሱልኝ እያለች መንገደኛ ከመለመን ዐርፋለች። እኔም ብሆን ቤቴ ያለውን የመድኃኒት ሣጥን ገልብጬ ሳነብ፣ በሁለት ስም የተሸጠልኝን አንድ የራስ ምታት ክኒን ደርቤ ስውጥ መክረሜን ደረስኩበት። የአራሚ ነገር!

ባለፈው ወር ፋርማሲስቷ ነጭ ካርቶን ይዛ ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ስትመጣ እዚያው ነበርኩ፤ ፋብሪካው እንደገና ተለውጧል። ጋሽ ሜትሮ ካርቶኑን ለባለቤታቸው አቀበሉ። ባለቤታቸው ማንበብ አያውቁም። ከትራሳቸው ሥር አንዲት ቁራጭ ጨርቅ አወጡ፤ ጋሽ ሜትሮ ያችን ትንሽ መስመርና የመጠኑን ቁጥር በቀይ ክር፣ ጎላ አድርገው ጠልፈውባታል። ጨርቋን ከካርቶኑ ጎን ዘረጉና ጣታቸውን ከፊደል ወደ ፊደል፣ ከዚህ ወደዚያ እያመላለሱ እስከ መጨረሻው ቁጥር ሄዱ።

«ሁሉም አለ» አሉ ወደ ባላቸው ቀና ብለው። «አንተ ሰውዬ፣ ውሃ አምጣልኝ።»