ስህተቱ በየት በኩል ወጣ?

ሳን ሆዜ አጠገብ ባለችው ኒውአርክ መጋዘን ስሠራ፣ የዕቃ ማንሻው የፎርክሊፍቱ ፍሬን እንደማይዝ ለአለቆቼ ሦስት ጊዜ በአፌ ተናግሬ ነበር፤ ፎርክሊፍቱ ሲጋጭ ግን «ምንም አላመለከተም» ብለው ጽፈው አባረሩኝ። አቤቱታዬ ወደሚሰማበት ችሎት ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ በባቡር ስሄድ፣ ከኋላዬ ላፕቶፕ የያዘች ልጅ ከማታውቃቸው ሽማግሌ ጋር ታወራለች።

«ምን ሆነሽ ነው የምታቃስቺው፣ ልጄ?»

«ቢሮ ያለው ማሽን ላይ ቢልዱ ፌይል አደረገ፣ ፕሮግራሙ ሳይገነባ ቀረ፣ ጋሼ። የትእዛዝ ስክሪፕቴ የሆነውን ሁሉ መዝገቡ ላይ፣ ሎግ ፋይሉ ላይ፣ መጻፍ ነበረበት፤ ፋይሉ ባዶ ነው። ማናጀሬ ‹ሎጉ ላይ ስህተት ከሌለ ጥፋቱ ያንቺ ነው› ብሎኛል።»

«ፕሮግራሙ መደበኛ ጽሑፉን በአንድ በር ያወጣል፤ ስህተት እኮ የሚወጣበት ሌላ በር አለው።»

«አውቃለሁ! ስህተቱም መደበኛው ጽሑፍ የሚሄድበትን እንዲከተል አዝዤዋለሁ።»

«መጀመሪያ የጻፍሽው የቱን ነው?»

«ስህተቱ መደበኛውን እንዲከተል። ከዚያ መደበኛው ወደ ፋይሉ እንዲሄድ።»

«በይ እንግዲህ! ሲከተለው መደበኛው ገና ወደ ስክሪን ነበር የሚሄደው። ስህተቱ እዚያው ቢሮ፣ ማንም በማያየው ስክሪን ላይ ቀረ። መጀመሪያ መደበኛውን ፋይሉ ውስጥ አስገቢ፣ ከዚያ አስከትዪ።»

«ቦታ መለዋወጥ ብቻ? አይቀልዱ፣ ጋሼ።»

«ሞክሪያ።»

የላፕቶፑ ቁልፎች ተንጫጩ።

«ውይ! መጣ! ‹የቢልዱ ዲስክ ሞልቷል› ነው የሚለው። ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ ነበር እኮ!»

«መጮህስ ጮኋል። የሚጽፍለት ነው ያጣው።»

«እርስዎ ኢንጂነር ነዎት?»

«ጡረተኛ ነኝ። ዩኒየን ሲቲ ደረስኩ፣ አሳልፊኝ።»

ያንን «ምንም አላመለከተም» የሚል ወረቀት አውጥቼ፣ ስለ ፍሬኑ የተናገርኩባቸውን ሦስት ቀናት በአርባ ዓመቴ በተማርኩት ፊደል ጀርባው ላይ ጻፍኩ፤ ችሎቱ ላይም ለዳኛው ሰጠሁት፤ የተፈረደልኝ በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት ነው።